የእኛን የልብ ሕመም ማን ያጥናው?



በ2022 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢንቪክተስ የተባለ የሕክምና ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። ጥናቱ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች የተካሄደ ሲሆን ከ4,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙና የልብ ምታቸው የተዛባ ናቸው። እንዲህ ያለ ታማሚ ልቡ ውስጥ ደም ይረጋና የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትልበት ስለሚችል ደም ማቅጠኛ ይታዘዝለታል። የቆየው ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አያያዙ ግን አስቸጋሪ ነው። በየጊዜው ደም ሰጥቶ መለካትን፣ በልኬቱም መሠረት መጠኑን ከፍ ዝቅ ማድረግን ይጠይቃል። ሪቫሮክሳባን የተባለው አዲሱ መድኃኒት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በሌላ ዓይነት የልብ ሕመም በተያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከዋርፋሪን እንደማያንስ ስለታወቀ፣ ሩማቲክ ላለባቸውም ቢያንስ አያንስም ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሁለቱ ቡድኖች በቁጥር እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሪቫሮክሳባን ከተሰጣቸው 552፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከተሰጣቸው ደግሞ 442 ሰዎች ሞቱ።

አዲሱ መድኃኒት ለልብ ምት መዛባት ከተፈቀደ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት አልፎታል። ታዲያ ይህ ነገር እስከ 2022 ያልታወቀው ለምንድን ነው? ለዚህና ለመሰል አዳዲስ መድኃኒቶች ፈቃድ ያስገኙት ታላላቅ ጥናቶች ማይትራል የተባለው የልብ ቫልቭ ክፉኛ የጠበበባቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው አላስገቡም። ተንኮል አልነበረበትም። ጥናቶቹ በተነደፉባቸው አገሮች እንዲህ ያለ ታማሚ ብርቅ ነው፤ ለብርቅ ታማሚ ብሎ ጥናት የሚያወሳስብ የለም። ጥያቄው የተነሣው በሽታውን በየቀኑ በሚያዩ፣ ከማየትም አልፈው ጥናት መንደፍ በተማሩ ሐኪሞች ነው። ከኢንቪክተስ መሪዎች አንዱ በወቅቱ በኒው ዴልሂ ይሠሩ የነበሩት ሕንዳዊው የልብ ሐኪም ጋኔሳን ካርቲኬያን ናቸው። የዛሬው ክርክሬም ከዚሁ ይነሣል። ለልብ ሕመም አዲስ ሕክምና የሚያፈልቁ፣ ሌላ ቦታ የፈለቀውም ለእኛ ታማሚ የሚሆን መሆን አለመሆኑን የሚፈትኑ ሐኪሞችንና ሳይንቲስቶችን ማሠልጠን፣ ሆስፒታሎቻችን ከተሟሉ በኋላ የሚታሰብ ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም። የሕክምናው አንዱ አካል ነው።

የእኛ የልብ ሕመም የተለየ ነው ስል የኢትዮጵያዊ ልብ በተለየ መንገድ ተፈጥሯል ማለቴ አይደለም። ሩማቲክ የልብ ሕመም ከኑሮ ይመጣል። ሕፃኑ በባክቴሪያ ምክንያት ቶንሲሉ ያብጣል፣ ይተኩሰዋል፣ ጥቂት ቀን ተኝቶ ይነሣል፤ እናቱም ተሻለው ብላ ትረሳዋለች። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቮች ያጠቃል። ይህ ሲደጋገም ቫልቩ ይጠነክራል፣ ይጣበቃል፣ ከዓመታት በኋላም ልጁ ወይም ልጅቷ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 የሩማቲክ ታማሚዎችን የመዘገበው ሬመዲ የተሰኘ ጥናት እንዳሳየው የታማሚዎቹ የመሐል ዕድሜ 28 ነው፤ ከሦስት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ከ100 ሰው 17 ያህሉ ሞተዋል። በጅማ ተማሪዎች ላይ በልብ አልትራሳውንድ የተደረገ ምርመራ ደግሞ፣ ምንም ሕመም ከማይሰማቸው 1,000 ልጆች መካከል 30 ያህሉ የበሽታው ምልክት በቫልቮቻቸው ላይ እንዳለ አሳይቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ሐኪም ከሚያያቸው ሰዎች ብዙዎቹ የጡረታ ዕድሜ የደረሱ፣ የልብ የደም ሥራቸው በስብ የተዘጋ ናቸው። የምናስገባቸው መድኃኒቶች፣ መመሪያዎችና መሣሪያዎች በብዛት የተፈተኑት በእነሱ ላይ ነው።

ሕክምና እንዴት እንደሚፈልቅ በአንድ የታወቀ ታሪክ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥልጠና ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1966 ቦስተን በአንድ ሆስፒታል ጀማሪ ሐኪሞች ሆነው ተዋወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም ለምርምር ሥልጠና ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሄዱ። እዚያ ሁለት ሕፃናት ታማሚዎች ነበሩ፤ የ6 ዓመት ልጅና የ8 ዓመት ወንድሟ። በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከጤነኛ ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ዕድሜያቸው የሽማግሌ የልብ ሕመም ይዟቸዋል። ተራ ሐኪም ቢሆን ያዝናል፣ የሚችለውን ያዝዛል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ባዮኬሚስትሪ እየተማሩ ስለነበር ሌላ ነገር ጠየቁ፦ የእነዚህ ልጆች ሕዋስ ከሌላው ሰው ሕዋስ በምን ይለያል? በኋላ ዳላስ በከፈቱት ቤተ ሙከራ የጤነኛና የታማሚ ሰው የቆዳ ሕዋሶችን በሳህን አሳደጉ። ኮሌስትሮል ተሸካሚውን የደም ቅንጣት ሲጨምሩበት የጤነኛው ሰው ሕዋስ ቅንጣቱን ወደ ውስጥ ይስብና የራሱን ኮሌስትሮል ማምረት ያቆማል፤ የታማሚው ሕዋስ ግን ምንም እንዳልመጣ ሁሉ ማምረቱን ይቀጥላል። የጎደለው ነገር ቅንጣቱን የሚቀበለው ተቀባይ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በበኩላቸው ከሻጋታ ያወጡት፣ ሰውነት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚያግድ ንጥረ ነገር በምን መንገድ ደምን እንደሚያጠራ የተረዳውም በዚህ ግኝት ነው። በ1985 ብራውንና ጎልድስታይን ኖቤል ተሸለሙ፤ በ1987 የመጀመሪያው የስታቲን መድኃኒት ለገበያ ተፈቀደ።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ሁለት ብልህ ሰዎች ተገናኙ ብለን እናልፈው ነበር። ግን እነሱ ዘንድ ከሠለጠኑት ሐኪሞች አንዷ ሄለን ሆብስ ነበሩ። ሆብስ ከባልደረባቸው ጆናታን ኮኸን ጋር የዳላስ ከተማን ነዋሪዎች ሲያጠኑ፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን አንዱ ቅጂው ከማይሠራላቸው ሰዎች ጋር ተገናኙ። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከ100 ሰው ሁለት ያህሉ እንዲህ ነበሩ፤ ኮሌስትሮላቸው ከተወለዱ ጀምሮ ዝቅተኛ ነው። በ2006 የታተመው ውጤት እንዳሳየው በልብ የደም ሥር ሕመም የመያዝ አደጋቸው ከሌላው በ88 ከመቶ ያነሰ ነው። ያ ጂን የሚያመርተውን ፕሮቲን የሚገቱ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች በ2015 ተፈቀዱ። ከሁለቱ ሕፃናት አልጋ እስከዚህ መርፌ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ አልፏል፤ ሰንሰለቱ ያልተበጠሰው መምህሩ ተማሪ እያፈራ፣ ተማሪውም መምህር እየሆነ ስለቀጠለ ነው። አንድ ነገር ላክልበት። የመድኃኒቱ ቁልፍ የተገኘው ጥናቱ ጥቁር አሜሪካውያንን ሆን ብሎ በብዛት ስላስገባ ነው። እነሱን የዘለለ ጥናት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

እነዚህ ሰዎች ለምርምር የተፈጠሩ ናቸው፣ ሥልጠና አያመጣቸውም የሚል ይኖራል። እውነታው ሌላ ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን አሜሪካዊ ወጣት ሐኪም ለጦር ሠራዊት ይጠራ ነበር፤ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ማገልገል እንደ ግዳጅ ስለሚቆጠር ብዙ ጎበዝ ሐኪም ወደዚያ ለመግባት ይሻማ ነበር። አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት ቤተ ሙከራ ረግጠው አያውቁም። በኋላ በልብ ሕዋስ ላይ አድሬናሊንን የሚቀበለውን ፕሮቲን ያጠኑትና በ2012 ኖቤል የተሸለሙት የልብ ሐኪም ሮበርት ሌፍኮዊትዝም በዚሁ በር የገቡ ናቸው። ከ1964 እስከ 1972 እዚያ ከሠለጠኑት ሐኪሞች ዘጠኙ ኖቤል ተሸልመዋል። ጦርነቱን የሚመኝ የለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ጎበዝ ሐኪሞችን ሰብስበህ፣ ከአዋቂ ሳይንቲስት ጋር አቀላቅለህ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያልተቆራረጠ ጊዜ ከሰጠሃቸው ከመካከላቸው ተመራማሪ ይወጣል።

ተመራማሪ ሐኪም የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ለማግኘት ብቻም አይደለም። በ1980ዎቹ የልብ የደም ሥሩ በድንገት የተዘጋበት ሰው ልቡ ትርፍ ምት ካሳየ፣ ትርፍ ምቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። አመክንዮው ያሳምናል፤ ትርፍ ምት ያለበት በብዛት ይሞታል፣ ስለዚህ ትርፍ ምቱ ቢጠፋ ሞት ይቀንሳል። መድኃኒቶቹ ኤሲጂ የተባለውን የልብ ምት ንድፍ አጽድተው ያሳያሉ። ካስት የተባለው ጥናት በ1989 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ የወሰዱት ሰዎች የሞት መጠን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የኤሲጂው ወረቀት ተስተካክሏል፣ ሰውየው ሞቷል። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ሰነፎች ወይም ክፉዎች አልነበሩም፤ የጎደላቸው አሳማኝ ሐሳብንም በማነጻጸሪያ ቡድን የመፈተን ልማድ ነው። ይህ ልማድ በማንበብ ብቻ አይመጣም፤ ከባለሙያ ሥር ሆኖ በመሥራት የሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ከባዱ የወረፋ ተቃውሞ ነው። የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት ባሉባት አገር፣ የልብ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ፣ አንዱን ሐኪም ከታማሚ አልጋ አንሥቶ ምርምር ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው ይባላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በብዙ ድካም በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከል እስኪከፍት ድረስ ያለፈውን ዘመን ለሚያውቅ፣ ይህ ተቃውሞ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑ አያጠያይቅም። ግን ስሌቱን እንየው። አንድ ቀዶ ሐኪም ቀን ከሌት ቢሠራ በዓመት የሚያድነው ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ወረፋው ደግሞ ከኋላው እየረዘመ ይሄዳል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ አዲስ ቫልቭ ይበላሻል። ኡጋንዳ ውስጥ ጉሉ በተባለ አካባቢ የተካሄደው ጥናት የወረፋውን ጅራት የሚቆርጥ ነው። ከ102,000 በላይ ልጆች በተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ታዩ፤ ሳያውቁት ሩማቲክ የጀመራቸው 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለሁለት ዓመት በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወሰዱ። በመጨረሻ መርፌ ካልወሰዱት 33 ልጆች በሽታው ባሰባቸው፤ ከወሰዱት መካከል ግን 3 ብቻ።

ይኸው ጥናት ምርምር ውድ ነው፣ መሣሪያ የለንም ለሚለው ተቃውሞም መልስ ይዟል። የጉሉው መድኃኒት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ውድ የነበረው ሐሳቡና አፈጻጸሙ ነው፦ ዕጣ ማውጣቱ፣ ልጆቹን ለሁለት ዓመት አለመጣሉ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምስል ማን መርፌ እንደወሰደ ሳያውቁ ማንበቡ። ለእኛም ከሕንፃ በፊት ሰው ይቅደም የምለው ለዚህ ነው። ስንት ጊዜ ያማረ ቤተ ሙከራ ተመርቆ በኬሚካል እጥረትና በጥገና ማጣት ተዘግቶ ይቀራል! ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ፣ በእጃቸው የነበረው የሠለጠነ ዓይን ነው። ያንን ውኃ ብዙ ሰው አልፎበታል፤ ቢልሃርዚያን ከቀንድ አውጣ ጋር አያይዞ ለሙከራ የተነሣው እሳቸው ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ ከሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ይመጣል፤ አከብረዋለሁ፣ ግማሹም እውነት ነው። ሩማቲክ በአውሮፓ መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ የቀነሰው ቤቱ ሲሰፋ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ማደር ሲቀር ነው። ታዲያ ለምርምር የሚወጣው ገንዘብ ለቤት አይሻልም ወይ? ቤቱ ይሠራ፤ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ለተመራማሪ ሥልጠና የሚበቃ ገንዘብ የአንድ ሰፈርን መጨናነቅ እንኳ አያቃልልም፤ ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ዛሬ ቫልቯ የጠበበባት የ20 ዓመት ወጣት አለች፣ ነገ ታረግዛለች፣ ብረት ቫልቭ ተገጥሞላት ከሆነ የምትወስደው ዋርፋሪን ለፅንሱ አደገኛ ነው። የክትባቱም ጉዳይ አለ። ጉሮሮ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ከኢትዮጵያ ሕፃናት የተሰበሰቡት ዝርያዎች በምዕራቡ ዓለም ከሚታዩት የተለየ ስብጥር እንዳላቸው በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በሌላ ዝርያ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ክትባት ሲመጣ ለልጆቻችን ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ የሚለካ ሰው ከሌለን፣ አቅራቢው የነገረንን ከማመን ሌላ ምርጫ አይኖረንም።

ያሠለጠንነው ይሄዳል የሚለውን ደግሞ ማንም ሊክደው አይችልም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከጅማ የተመረቁ ሐኪሞች በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሞልተዋል። ብቻ የሚሄደው ሰው ለምን እንደሚሄድ ይጠየቅ። ደመወዝ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ደግሞ የተማረውን የሚሠራበት ቦታ ማጣት ነው፤ ሁለተኛውን ማስተካከል ከመጀመሪያው ይቀላል። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ ኦክስፎርድ ተምረው ወደ ኬፕ ታውን ተመለሱ። ሲመለሱ ጥያቄም የሥራ ቦታም ነበራቸው። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት በልብ ሽፋን ዙሪያ ውኃ ለሚቋጠርባቸው ሰዎች ስቴሮይድ ይጠቅማል ወይ ብለው በስምንት የአፍሪካ አገሮች 1,400 ታማሚዎችን አጠኑ፤ ሬመዲንም ከመሩት አንዱ ነበሩ። በ51 ዓመታቸው በ2018 ሲያርፉ በአፍሪካ ብዙ ከተሞች አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ጥናታቸው ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ትልቅ ማዕከል አለመጎተቱ ነው፤ ከየሆስፒታሉ ጥያቄ ያለውን ሐኪም እዚያው እንዳለ አሠለጠነ።

እኛ ዘንድ ያለው ሥልጠና ምን ይመስላል? የስፔሻሊቲ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የጥናት ጽሑፍ ያቀርባል። ስለዚህ ምርምር የለም ማለት አይቻልም። ግን ርዕሶቹን አንብቡ፦ የዚህ በሽታ ሥርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በዚህ ሆስፒታል፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት። ተማሪው ቀን ተረኛ ነው፣ ማታ ተረኛ ነው፤ ከካርድ ክፍል መዝገብ አስወጥቶ ቅጽ ይሞላል፣ ስታቲስቲክሱን በሰው ያሠራል፣ ይከላከላል፣ ይመረቃል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ትርፍ ሰዓት የሌለው ሰው ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ማንሣት አይችልም። በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሩማቲክን ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን ሲያወጡ፣ የቀዶ ሕክምና ማዕከላት እንዲቋቋሙ፣ ማዕከላቱም የሚቀጥለውን ትውልድ እንዲያሠለጥኑና ምርምር እንዲያካሂዱ ጠይቀው ነበር። ምርምሩን ከቀዶ ሕክምናው ያልነጠሉት ትክክል ነበሩ።

በእኔ እምነት መጀመር ያለበት ከጥቂት ሰው ነው። በየዓመቱ ከልብ ሕክምና ፌሎዎች (የንዑስ ስፔሻሊቲ ሠልጣኞች) ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው፣ ደመወዛቸው ሳይቀነስ ግማሽ ጊዜያቸው በጽሑፍ ለጥናት ይጠበቅላቸው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂና የስታቲስቲክስ አዋቂዎች ጋር ይጣመሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዲቲ አፍሪካ በተባለው ማዕከሉ የመድኃኒት ሙከራ ሥልጠና ስላለው ከዜሮ አይነሡም። ኢንጂነርም ይጨመር። የመጀመሪያዎቹን ዘላቂ ሰው ሠራሽ ቫልቮች በ1960 ያስገኘው የቀዶ ሐኪሙ የአልበርት ስታርና ጡረታ የወጣው ኢንጂነር የሎዌል ኤድዋርድስ ጥምረት ነው። ኤድዋርድስ ሙሉ ልብ ልሥራ ብሎ ቢመጣ፣ ስታር በቫልቭ እንጀምር አለው። የጠበበ ማይትራል ቫልቭን ደረት ሳይከፍቱ በፊኛ የሚያሰፋውን ዘዴም በ1984 ያሳተሙት ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ የቀዶ ሐኪም ናቸው፤ መሣሪያው ዛሬም የሚጠቅመው በአብዛኛው እንደ እኛ ላሉ አገሮች ታማሚዎች ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄስ ምን ይሁን? ዝግጁ የሆነ አለ። የወርሃዊው ፔኒሲሊን መርፌ አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ድንገተኛ ሞት ስላስከተለ ብዙ የጤና ባለሙያ መውጋት ይፈራል፤ ሁሉም አለርጂ ነው ብሎ ያስባል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን በ2022 ባወጣው ምክር፣ ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ከመርፌ በኋላ የሚሞቱት በአለርጂ ሳይሆን ደካማው ልብ መርፌው የሚፈጥረውን ድንጋጤ መቋቋም ሲያቅተው ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነሱ ክኒን ይሻላል አለ። ምክሩ የተመሠረተው በሞት ሪፖርቶችና በባለሙያዎች ግምት ላይ ነው፤ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ መርፌንና ክኒንን በዕጣ ያወዳደረ ጥናት አልነበረውም። ክኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ ለዓመታት የሚዋጥ ነው፤ ከገጠር የመጣች ታማሚ በእርግጥ ትውጠዋለች ወይ? በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ደግሞ ፔኒሲሊንን ከቆዳ ሥር በብዛት ሰጥቶ ለሦስት ወር ያህል እንዲቆይ የማድረግ ሙከራ አለ፤ ደካማ ልብ ያለውን ሰው ያድነዋል ወይስ ይጎዳዋል? ይህንን ለመመለስ በቂ ታማሚ ያለው በሲድኒ ወይም በኦክላንድ አይደለም። በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳና በጥቁር አንበሳ የልብ ክሊኒኮች ኮሪደር ላይ ካርድ ይዘው ተቀምጠዋል። ክኒኑም መርፌውም በእጃችን ነው፤ የጥናቱን ዕቅድ የሚጽፉት ሁለት ሦስት ፌሎዎች በመጪው የበጀት ዓመት ሊመደቡ ይችላሉ።